የለስላሳው ጡንቻ ዓመፅ

የሩቅ አገር ትምህርት ጠግቦ፣ ጥርጣሬንም ከትምህርቱ ጋር ጠቅልሎ ያመጣው ዶክተር እንድሪያስ፣ ከባሕር ማዶ በተመለሰ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት፣ ሙቀት በሰመራ ላይ በአርባ ሦስት ዲግሪ ነግሦ ሳለ፣ ስለ ሰው ጡንቻ ዓይነቶች አስተምሮ የመምህርነት ወንበር ይይዝ ዘንድ በአንድ ኮሌጅ አዳራሽ በተማሪዎችና በዳኞች ፊት ለፈተና ቆመ። የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሀምዳም አስቀድመው «አርባ ደቂቃ ሳይሞላ አዳራሹን የለቀቀ፣ ወንበሩንም ለቀቀ» ሲሉ አወጁ።

በዚያው ማለዳ ግን ቤት ያከራየው ባለግመሉ መሀመድአሚን፣ መልካም ዕድል ሊመኝለት የግመል ወተት በጮጮ አስመጥቶለት ነበር። እንድሪያስ ማስተረፍ ነውር መስሎት ጽዋውን ጨለጠ፤ መሀመድአሚን ደግሞ በእንግዳ ፊት ባዶ ጽዋ ማየት ነውር ነበረበትና «እንግዳችን አልጠገበም፤ ቢስሚላህ፣ ይቀዳለት» ብሎ አዘዘ። ጨለጠ፤ ተቀዳ፤ ጨለጠ፤ ተቀዳ፤ እስከ አራተኛው ድረስ። የግመል ወተት ያልለመደውን ሆድ ምን እንደሚያደርገው አገር ያውቃል፤ ዶክተሩ ብቻ አላወቀም።

በሰሌዳው ፊት ቆሞም ሠራዊቱን አሰለፈ፤ በመጀመሪያ አጥንት ላይ የተጣበቀውን፣ ሲያዙት የሚነሣውን፣ ቶሎም የሚደክመውን የአጥንት ጡንቻ፤ ቀጥሎ ማንም ሳያዘው የሚመታውን፣ ከማኅፀን ጀምሮ ዕረፍት የማያውቀውን የልብ ጡንቻ፤ በመጨረሻም ጨጓራንና አንጀትን የሚገዛውን ለስላሳ ጡንቻ። በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ «ለስላሳ ጡንቻ ለማንም ፈቃድ አይታዘዝም» ብሎ ባወጀ ጊዜ፣ ለስላሳው ጡንቻ ሰማና ዓመፀ።

ሆዱ እንደ ነጋሪት ተጎሰመ፤ ልቡም ሳትታዘዝ ጋለበች። ጌታቸውን ያልከዱት የአጥንት ጡንቻዎች ብቻ ነበሩ፤ የጭኑ፣ የመቀመጫው፣ የመንጋጋው፣ ከሁሉም በላይ በኋላ በር የቆመው ቀለበት፣ በፈቃድ የሚዘጋው ታማኝ በረኛ። እንድሪያስም ያን በረኛ እየተጠራጠረ፣ እግሩን አጣምሮ አሥራ አራት ደቂቃ አስተማረ። ተማሪዎቹ ላቡን አይተው የሙቀቱ መስሏቸው በደብተር አራገቡለት። አርባው ሲሞላ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ፤ አወጣጡም እንደ መብረቅ ነበረ።

ወይዘሮ ሀምዳም ከዳኞቹ ጋር ተከትለው፣ በሽንት ቤቱ በር ፊት ቆመው «ዶክተር እንድሪያስ ከዛሬ ጀምሮ መምህራችን ናቸው» ሲሉ አወጁ፤ ከውስጥ የውኃ ድምፅ መለሰ።

መሀመድአሚንም የምሥራቹን ሰምቶ ሌላ ጮጮ ሙሉ አስመጣ። ያ የዲግሪዎች ባለቤት፣ የበረኞች አለቃ፣ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ የቀረውን በጽዋው ተወ፤ የቀዳለትም የለም። ባሕር ማዶ ያላገኛትን ይህችን ጥበብ በአንድ ቀን የተማረ ጀግና፣ ስሙ ከአዋሽ እስከ አፋምቦ ይመስገን፤ በረኛውም አብሮት ይመስገን።