የመታጠቢያ ቤቱ መቀርቀሪያ እንዴት እንደ ጠነከረ

ዘመነ ዝገት ተፈጽሞ ዘመነ መቀርቀሪያ በጠባ በመጀመሪያው ዓመት፣ መዋዔ ዝገት፣ ዓቃቤ ሞረድ፣ ርእሰ ቶርኖ የተባሉት ጋሼ ቶርኖ በሠፈሩ ብረት ሁሉ ላይ ሠልጥነው ሳሉ፣ ታላቅ እህታቸው እታለም የመታጠቢያ ቤቱ መቀርቀሪያ ተበልቶ አልቆ ነበርና ዳግም እንዳይበላ አድርገው እንዲሠሩት ለመኗቸው፤ ጋሼ ግን ነገሩ የመልክ ጉዳይ መስሏቸው ያንኑ አሮጌ መቀርቀሪያ አረንጓዴ ቀብተው መለሱት። ወእምዝ እታለም ሳሙና በሳሙና ሆነው ሳሉ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ በደጅም የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ቆሞ ነበር።

እታለምም ፎጣቸውን እንደ ካባ ደርበው ወጥተው አወጁ፦ «የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ስማ! ይህ በር ዳግመኛ ጉድ ከሠራኝ ጓዜን ጠቅልዬ ልጄ ዘንድ እገባለሁ። ማታ ማታ ከማን ጋር ካርታ እንደምትጫወት አያለሁ፣ አንተ ቀለም ቀቢ!»

ጋሼም ከእህታቸው በቀር የካርታ ጓደኛ አልነበራቸውምና ወዲያው ተነሥተው አዲስ መቀርቀሪያ በቶርኖ አወጡ፤ በማስገቢያው ቀዳዳ ልክ፣ ፀጉር እንኳ እንዳያሳልፍ አድርገው አወጡት፤ በብረት ሣጥን አስተኝተው የብረትን ቆዳ የሚያጠነክረውን የቦሮን ዱቄት አለበሱት፤ ክዳኑንም በጭቃ መርገው ወደሚንበለበለው ምድጃ ሰደዱት። ተከትለዋቸው የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ መነጽሩን ሲበላም የማያወልቀው በያጁ ብልጭታ፣ ሙቀት ፍለጋ የመጡት የብልጭታ አማት፣ አማቲቱንም የተከተለች ድመት። እነዚህም የተከደነ ነገር አይተው ሳይከፍቱ የማያልፉ ስለ ነበሩ ጋሼ አወጁ፦ «ክዳኑን የነካ ሁለተኛ ደጄን አይረግጥም! አየር ከገባ ዱቄቱ ይበላሻል፣ ብረቱም ባዶውን ይቀራል። ድስት አይደለም፣ ጨው አይቀመስም!»

በሣጥኑም ጨለማ ውስጥ ቦሮኑ እንደ ቀለም ከላይ አልተኛም፤ በግለቱ ኃይል ወደ ብረቱ ሥጋ ሰርጎ፣ ከብረቱም ጋር ተዋሕዶ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ወደ ውስጥ እየሾለ አደገ፤ የብረቱም ቆዳ ራሱ ሌላ ሆነ፣ እንግዲህ ቀለም አይደለምና የሚላጥ ነገር አልነበረውም። ሣጥኑ ቀዝቅዞ በተከፈተ ጊዜ ጋሼ ሞረድ ቢያሳርፉበት ሞረዱ በመስተዋት ላይ እንደሚሄድ ተንሸራተተ፤ ብልጭታም አጨበጨበ፣ ድመቲቱም ሸሸች።

መቀርቀሪያው በተተከለ ጊዜ እታለም ገብተው ገፉት፤ እምቢ ቢላቸው በጫማቸው ተረከዝ መታ መታ አድርገው አስገቡት። ነገር ግን ያ ቆዳ ወደ ውስጥ ሲያድግ ከፀጉር ያነሰች ያህል ወደ ውጭም አብጦ ነበርና፣ ጋሼም ለፀጉር እንኳ ቦታ አልተዉለትም ነበርና፣ የገባው መቀርቀሪያ አልወጣ አለ።

ያን ጊዜ የብረት መጋዝ በበሩ ስንጥቅ ገባ፤ ጥርሱም ረገፈ። ሁለተኛው ገባ፤ እርሱም ድዱን ብቻ ይዞ ወጣ። መጋዝ በወደቀ ቁጥር ጋሼ እንደ ድል አድራጊ እልል ሊሉ ቃጣቸው፤ እታለምም ከውስጥ አወጁ፦ «አንተ! ደስታህ እዚህ ድረስ ይሰማኛል! ለመሆኑ ማጠፊያዎቹንም አጠንክረሃቸዋል?»

ሠራዊቱም ሁሉ ፊቱን ወደ ማጠፊያዎቹ አዞረ። ማጠፊያዎቹ ማንም ያላከበራቸው ተራ ብረቶች ነበሩ፤ ብልጭታም ሚስማራቸውን በመፍቻ ጫፍ ገፍቶ አወጣና በሩ ከእነ መቀርቀሪያው ተነቅሎ በጋሼ እቅፍ ወደቀ።

ሞረድ ያልበገረውን፣ መጋዝ ያልደፈረውን፣ የገዛ ጌታውን እንኳ ያልታዘዘውን መቀርቀሪያ ለሠሩ ለርእሰ ቶርኖ ክብር ይሁን፤ በራቸው ቢወድቅም መቀርቀሪያቸው አልወደቀምና።

በዚያም ምሽት እታለም በመታጠቢያ ቤቱ ደጅ መጋረጃ ሰቀሉና፣ ከጋሼ ፊት ተቀምጠው ካርታውን በወዙ።