አባ አንዴ ከፍየል ላይ አንድ ክሮሞዞም የማረኩበት ዜና

ንጽሐፍ እንከ፤ እንግዲህ እንጻፍ። የቤተ ሙከራው ራስ፣ የክሮሞዞም ፈታሒ፣ የአጥቢ እንስሳት ሁሉ የዘር ሐረግ ተርጓሚ፣ በቅጽል ስማቸው አባ አንዴ የተባሉት ጌታችን የክፍሉን ወንበር በያዙ በዘጠነኛው ዓመት፣ የኮሪደሩ አምፖል በተቃጠለ በሁለተኛው፣ የዓመቱ ሪፖርት ሊደርስ አርባ ቀን ሲቀረው፣ ይህ የምንተርከው ታላቅ ዘመቻ ተደረገ። አባ አንዴ መባላቸውም ማናቸውንም ነገር አንድ ጊዜ ቆጥረው ስለማይደግሙ ነው፤ ስሙን በፊታቸው የሚጠራ የለም፤ ከኋላቸው ግን ሌላ ስም የላቸውም።

የዚያም ቤት ሥራ እንዲህ ነበረ። የላሟን፣ የበጉን፣ የፍየሏንና የፈረሱን ደም ወስዶ፣ ሴሉን አሳድጎ፣ ሊከፈል ሲል አስቁሞ፣ ክሮሞዞሙን በማይክሮስኮፕ ፎቶ አንሥቶ፣ የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ፈቃዱ ካለፈበት ወዲህ ደግሞ አንድ አንዱን ከወረቀቱ በመቀስ ቆርጦ፣ በቁመት አሰልፎ በሙጫ መለጠፍ ነው። ላም ስድሳ አላት፤ ፍየልም ስድሳ፤ በግ ግን ሃምሳ አራት፤ ምክንያቱም በጥንት ዘመን ለየብቻ ይኖሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጋጥመው ረጃጅም ሆኑ። ይህን መጋጠም ከእንስሳ እንስሳ እያነጻጸሩ፣ ማን ከማን ጋር አንድ አያት እንደ ነበረውና እንዴት እንደ ተለያየ ይረዳሉ። ትዕግሥት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ጌታችን ደግሞ ትዕግሥትን ለበታቾቻቸው ሁሉ አድለው ለራሳቸው አላስቀሩም።

ሴሉ የሚንጠባጠብበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ የምታዘጋጀው ባለሙያ ግን እመት ሠላሳ ትባል ነበር። አንድ ሴል ብቻውን ይዋሻል፤ አንዱ ክሮሞዞም ሌላው ላይ ይተኛል፣ አንዱም ስላይዱ ላይ ሲንጠባጠብ ርቆ ይቀራል፤ ስለዚህ የሙያው ሕግ ብዙ ሴል ይቆጠር ይላል፣ እሷም ሠላሳ ሳትሞላ ከወንበሯ አትነሣም ነበር።

በዘመቻውም ቀን ጌታችን ሴቲቱ ከምሳ እስክትመለስ መጠበቅ አልሆነላቸውምና፣ ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ እንዲሉ፣ መቀሱን ራሳቸው አነሡ። ከፊታቸው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ የአንድ የፍየል ሴል ፎቶ ያለበትን ወረቀት ተሸክሞ፣ ከኋላቸው ሁለት የዶክትሬት ተማሪዎች፣ አንደኛው ሙጫ ሁለተኛው ውዳሴ ይዞ፣ ከሁሉም ኋላ እኔ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው መዝገቤን ታቅፌ፣ በክብር ወደ ጠረጴዛው ደረስን። ጌታችንም አንድ አንዱን ቆረጡ፤ ቀኑ ሞቃት ነበርና ማራገቢያው እንዲዞር አዘዙ። ማራገቢያም ዞረ፤ ስድሳ የተቆረጡ ጣት የማያህሉ ወረቀቶች ባሉበት ጠረጴዛ ላይ ማራገቢያ! ከእነሱም አንዲቱ ብድግ ብላ፣ በአየር ተንሳፋ፣ ከማቀዝቀዣው ኋላ ገባች። አየኋት። የደረጃ ዕድገቴ ደብዳቤ በጌታችን መሳቢያ ውስጥ ነበርና ዝም አልሁ፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል።

ጌታችንም ለጥፈው ቆጠሩ፤ ሃምሳ ዘጠኝ ሆነ። አልደገሙም። ወዲያው ይህ አዋጅ በሩ ላይ ተለጠፈ፦

«ከጽዳት ክፍሉ እስከ ዲኑ ቢሮ ላላችሁ ሁሉ! ፍየል ስድሳ ናት ስትሉ ኖራችኋል፤ ከዛሬ ጀምሮ ሃምሳ ዘጠኝ ናት። ሁለቱ ተጋጥመው አንድ ሆነዋል። ዝግመተ ለውጥ ዓይናችን ሥር እየሄደ ነው፤ ያየነውም እኛ ነን። ስድሳ ብሎ የተገኘ ስሙ ከሪፖርቱ ይሰረዛል!»

እመት ሠላሳ ከምሳ ተመለሰች፤ አነበበች፤ የተለጠፈውንም አየች፤ ከአዋጁም ሥር የራሷን ወረቀት ሰቀለች፦

«ለሚመለከተው ሁሉ። ጌታዬ፣ ሁለቱ ከተጋጠሙ ወገቡ ላይ መገጣጠሚያ ያለው አንድ ረጅም ክሮሞዞም መታየት ነበረበት። እዚህ ሁሉም እንደ ድሮው ነው። ረጅሙ የታለ? ደግሞስ አንድ ሴል ምን ይነግርዎታል? ከዚያችው ፍየል ሠላሳ እቆጥራለሁ፤ እስክጨርስ ግን በሪፖርቱ ሰንጠረዥ ላይ አልፈርምም። አክባሪዎ።»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ሆነና ሁለተኛው አዋጅ ወጣ፦

«ነጭ ካፖርቷ ሁለት ቁልፍ የጎደለው ሰው ስለ ጎደለ ክሮሞዞም ሊያስተምረን አይችልም! ቆጣሪ ተብላ እስከ ዓርብ ሰንጠረዡ ላይ ካልፈረመች ውሏ አይታደስም!»

ውሏ የሚያልቀው በዚያው ዓርብ ነበር። በእሷ ደመወዝ የሚያድሩ አልጋ ላይ የዋሉ አባትና ሁለት ተማሪ ሴቶች ልጆች ነበሯት፤ ይህንንም ኮሪደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጌታችን ከሁሉ ይልቅ ያውቃሉ። ከተማሪዎቹ ባለ ሙጫው ቀስ ብሎ ፈርሚና ተገላገይ አላት። እሷ ግን ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ቆጠረች፤ ሰኞ ሰባት፣ ማክሰኞ ዘጠኝ፣ ረቡዕ መብራት ሄዶባት ሦስት፣ ሐሙስ የቀረውን። እያንዳንዱን ፎቶ ቀንና ሰዓት ጽፋ ፈረመችበት። እኔ በአጠገቧ በማልፍ ቁጥር ቀና ብላ ሰላም ትለኛለች፤ እኔም መዝገቤን ከፍ አድርጌ ፊቴን እሸፍን ነበር።

ዓርብም ደረሰ፤ ግኝቱ ለእንግዶች የሚታይበት ጉባኤም ተጠራ። ጌታችን ክራቫታቸውን አጥብቀው ሃምሳ ዘጠኙን በትልቁ አሰቀሉ፤ ባለ ውዳሴው አስቀድሞ አጨበጨበ። ከእንግዶቹ መካከል ዕድሜ ልካቸውን ፍየል ሲያዋልዱ የኖሩ አንድ አዛውንት የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አንዱን ሴል አየሁት። ሁለተኛውን አምጡልኝ።»

ሁለተኛ ሴል አልነበረም። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል፤ የጌታችን አፍ ግን ተከፍቶ ምንም አልታየበትም። ያን ጊዜ እመት ሠላሳ ተነሥታ ሠላሳውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ሐኪሙም በጣታቸው እየነኩ፣ ስድሳ፣ ስድሳ፣ ስድሳ እያሉ፣ አንድም ሳይዘሉ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ከዚያም ዞር ብለው፦

«ታዲያ የዚያኛው ሴል አንዷ የት ገባች?»

መዝገቤን ወንበሬ ላይ ትቼ ተነሣሁ። በዘመኔ አንድ አዋጅ ብቻ አውጃለሁ፤ ይህ ነው፦

«ማራገቢያው ወስዷታል። ከማቀዝቀዣው ኋላ ስትገባ ዓይኔ እያየ ፈርቼ ዝም አልሁ። እኔን ቅጡኝ፤ እሷን ተዉአት!»

አራት ሰዎች ማቀዝቀዣውን ገፉት። አንዲት ክሮሞዞም፣ አንድ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ብዙም አቧራ ተገኘ። የእኔም ዕድገት በዚያችው ደቂቃ አከተመ፤ ከዓመታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ደረቴ ቀለለኝ፤ ደስም አለኝ፤ እዋሽ ዘንድ አልችልም። ጌታችን ግን፣ እንደ እሳቸው ያለ ጀግና መች ይሸነፋልና፣ ሳያፍሩ ሦስተኛውን አዋጅ አሰሙ፦

«ፍየል ስድሳ መሆኗን በመሪነታችን በዛሬው ዕለት አረጋግጠናል! ለደከመችው ሠራተኛችንም ውሏ ይታደስላት!»

እዚያው ፈርመው ዘረጉላት። ሐኪሙ ቀደሙ፦

«ልጄ፣ እኔ ጋ ሠላሳ ጊዜ የሚቆጥር ሰው ጠፍቷል። ሰኞ ነይ፤ ደብዳቤሽን ዛሬውኑ አጽፍልሻለሁ።»

እሷም የተዘረጋውን ውል ዳር ዳሩን አስተካክላ፣ በሁለት እጇ መልሳ፦

«ጌታዬ፣ ይቆይልዎ። ሰንጠረዡ ላይ ግን ስሜ እንዳይገኝ።»

ካፖርቷን አውልቃ ወንበሯ ላይ ሰቀለች፤ ፎቶዎቿን ሰብስባ ወጣች። ኮሪደሩ ቆሞ አሳለፋት፤ ባለ ሙጫውም ቦርሳዋን እስከ በሩ ተሸከመላት።

እንግዲህ ስብሐትና ውዳሴ ለጌታችን ይሁን! ስድሳ የነበረችውን ፍየል በነፋስ ኃይል ሃምሳ ዘጠኝ ያደረጉ፣ ሃምሳ ዘጠኟንም በሰው ድካም ወደ ስድሳ የመለሱ፣ በዚህም ሁሉ ዘመቻ ሳይንስን ካገኙበት ስፍራ አንዲት ጋት ያላነቃነቁ፣ እርሳቸው ናቸው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላል ሌላው ሕዝብ፤ እርሳቸው ግን አፍሰው ሌላውን የሚያስለቅሙ ናቸው። የፍየል ድል አድራጊ፣ የበግ ስጋት፣ የፈረስ ቀጠሮ! ትናንትናም ከሰዓት ብቻቸውን ተቀምጠው ላም ቆጠሩ፤ ስላይዱ ላይ ያረፈችውን ብናኝ ጨምረው ስድሳ አንድ ሆነችላቸው፤ አዋጁም በሩ ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ ወረቀት የሚሰቅል ሰው ግን በዚያ ቤት የለም።