የግማሽ ቀን ሥራ በጋሽ ሰላሁዲን ጋራዥ

በቀጠሮው ቀን ሥራ ያስረከበ መካኒክ በምድር ላይ የለም፤ አለ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መኪና የለውም ማለት ነው። የባሕር ዳሩ ጋሽ ሰላሁዲን ግን ከሁሉም ይብሱ ነበር። "ክቡር የነገ ሚኒስትር" እንላቸዋለን፤ ሹመቱን አልጠሉትም። የአንዱን የጭነት መኪና ፍሬን "ነገ ከዝሁር በኋላ" ብለው ከረመዳን እስከ ዓረፋ አቆዩት። ባለመኪናው ሲቆጣ፣ "ብረት ነው ወንድሜ፣ ብትጮህበት አይሰማህም" አሉት። በኔ ሞተር ብስክሌት ላይማ ዶሮ ታቅፋ ፈለፈለችበት።

በ1969 ዓ.ም. የኮሌጅ መምህሩ አስማማው አንዲት ያረጀች ቀይ ስፖርት መኪና አመጣላቸው፤ ከፊት ያለውን የሚዛን ዘንግ ሊያስቀይር። በሳምንቱ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

ዘንጉን ላስረዳችሁ፤ ድንቅ ነገር ነው። የፊቱን ሁለት ጎማዎች የሚያገናኝ የታጠፈ ብረት ሲሆን፣ ኩርባ ላይ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን እንዳትጋደል ይይዛታል። ሲፈታ ሁለቱንም ጎማ በክሪክ እኩል ማንሣት ግድ ነው። አንዱ ብቻ ከተነሣ ዘንጉ ይጠማዘዛል፤ የጣና እርጥበት የበላው ቡሎንም ይበጠሳል። ጋራዣቸው ስውል ይህን አርባ ጊዜ እየተቆጡ ያስተማሩኝ፣ ማስረዳት ስለምወድም በቀልድ "መምህር" የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪገባ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ሁለት ክረምት አለፈ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አዘዘ መኪናዋን ወደዳት። በየሳምንቱ ይመጣል።

"ጓድ ሰላሁዲን፣ የቀበሌው መኪና ደረሰች?"

"ነገ፣ ጓድ።"

"ይህ ነገ የሚሉት መቼ ነው?"

"ከዛሬ ቀጥሎ።"

አንድ ቀን እኔ ባለሁበት፣ "ለመሆኑ ይህ ሥራ ስንት ቀን ይፈጃል?" አለ። ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

"ግማሽ ቀን!" አልሁ።

አዘዘ ሣጥን ስቦ ተቀመጠ። "እንግዲያው ጀምር፤ እጠብቃለሁ።"

ጋሽ ሰላሁዲን አንድ ጊዜ አዩኝ። ክሪኩን አንሥተው በግራው ጎማ በኩል ብቻ ደገኑት። የቀኙ መሬት ላይ እንዳለ ቀረ። አፌን ከፈትሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልናገር ዘጋሁት። መፍቻውን በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት። ቡሎኑ ጧ ብሎ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ።

"ወይኔ!" አሉ። "ይህ እኮ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣ፣ ጓድ።"

አዘዘ እየተሳደበ ወጣ።

"ጋሽዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልሁ።

"መኪናዋን ካስረከብሁ አስማማው አይመለስም ብዬ ፈረምሁ ማለት ነው" አሉ። "እኔ መካኒክ ነኝ፣ መምህር፤ ቀባሪ አይደለሁም።"

በሦስተኛው ሳምንት አዘዘ ሌላ መካኒክ ይዞ መጣ። የተሰበረው ቡሎን ይወጣ እንደሆነ ሲጠይቅ ቀድሜ ተነሣሁ። ስለ ዝገት፣ ስለ ብረት አቀላለጥ አስረዳሁ። ቀጥዬ ዘንጉን ወደሚያቅፈው የላስቲክ ጎሚኒ ገባሁ፤ ላስቲኩ ከሚገኝበት ዛፍ ጀመርሁ። የዛፉ ቅርፊት ገና ሳይበጣ መካኒኩ አንቀላፋ፤ አዘዘ ሰዓቱን አየና ቀስቅሶት ይዞት ሄደ።

አስማማው እንደማይመለስ ያን ጊዜም ሁለታችንም ሳናውቀው አልቀረንም። ጋሽ ሰላሁዲን ሣጥኑን በእጃቸው ጠርገው ወደ እኔ ገፉት።

"እሺ መምህር" አሉ፣ "ያ ዛፍ ከዚያስ ምን ሆነ?"