ሽምግልና በባሕር ላይ

እኛ ሰፈር ባለትዳር ወንድ ከሚስቱ ሳይጣላ ከቤቱ ውጭ አያድርም። ቢያድርም የሚያምነው የለም! እንዳትከራከሩኝ፤ የደረሰብኝን ነው የማወራው።

ቤርሼባ፣ ኤመቅ ሳራ የሚባለው ሰፈር ባለ ፋብሪካ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ቦሪስ የሚባል ሩሲያዊ አለ። ቦሪስና ሚስቱ ስቬታ እንደ ሰው ቤት ውስጥ አይኖሩም፤ የሚኖሩት አሽቀሎን ወደብ የምትቆም አንዲት አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ላይ ነው። የፋብሪካው ሆፌሽ፣ ዕረፍቱ ማለቴ ነው፣ ሲደርስ፣ "ሁለት ሳምንት ከእኛ ጋር ኑር፤ ዳር ዳሩን ይዘን ሃይፋ እንገባለን" አለኝ። በረሃ መሐል የምኖር ሰው ነኝና ሃይፋን በባሕር በኩል ማየት አማረኝ። እንዴት እንዳማረኝ አትጠይቁኝ! ሚስቴ የሺ አዛውንት የመንከባከብ ሥራዋ ስለያዛት፣ "ሂድ፣ ባርኔጣህን እንዳትረሳ" ብላ ሸኘችኝ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ይሄ ጠብ ነው?

የጀልባ ኑሮ እንዲህ ነው፦ የምትተኙት መደርደሪያ በምታህል አልጋ ላይ ነው፤ ቀና ባላችሁ ቁጥር ጣሪያው ጭንቅላታችሁን ይላችኋል። ቦሪስ "ገመዱን ሳብ!" ሲለኝ ሌላ ገመድ እየሳብኩ ስቬታን ሁለት ጊዜ ሸራ አለበስኳት። ግን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ነፋሱ ሸራውን ወጥሮ ጀልባዋ መሄድ ስትጀምር... ልጅ ሆንኩ፣ እውነቴን ነው! በዚህ ሁኔታ በሦስተኛው ቀን አሽዶድ አደርን።

ለካ እኔ ስዝናና ቤርሼባ ታምሳለች! የሺ ለጎረቤታችን "ባሌ ባሕር ላይ ነው የሚያድረው" ብላት ኖሯል። ጎረቤታችን ለእህቷ "ሰውየው ከቤት ወጣ" አለቻት። ወሬው አውቶቡስ ጣቢያው፣ ታሃና መርካዚት ሲደርስ እኔ ሩሲያዊት አግብቼ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ያለሁበትን አጠያይቀው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በትራቸውን ይዘው አሽዶድ ወደብ ላይ ከተፍ አሉ። ቀድማ የተቀበለቻቸው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ስቬታ! በቁምጣ ሆና፣ የእኔን ሸሚዝ ስታሰጣ!

ታላቅየው አባባ ፈረደ እሷን አዩ፣ ሸሚዙን አዩ፣ እኔን አዩ።

"አይ ጌታሁን፣ አይ ልጄ!"

"አባባ፣ እሷ የቦሪስ ሚስት ናት! እኔ ሆፌሽ ላይ ነኝ!"

"ቤት ያለው ሰው ውኃ ላይ ምን ያሳድረዋል?"

"ኧረ አልተጣላንም!"

"የተጣላ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚል" አሉ።

ሽምግልና ዛፍ ሥር ነው፤ ዛፍ ስለሌለ የሸራው ምሰሶ ሥር ተቀመጡ። አንደኛው ሽማግሌ ጀልባዋ ስትወዛወዝ ምሰሶውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ "ሳናስታርቅ ከዚህ ንቅንቅ አንልም!" አሉ።

ወዲያው ለየሺ ደውዬ የፔለፎኑን ድምፅ ከፍ አደረግሁት። "ንገሪያቸው፣ ተጣልተናል?"

"ማ ፒትኦም! የምን ጠብ?" ብላ ሳቀች።

"ይኸው!" አልኩ። እዚህ ላይ መዝጋት ነበረብኝ! አባባ ፈረደ ግን ስልኩን ተቀበሉኝ።

"የኔ ልጅ፣ አትፍሪን። ቅር ያለሽ ነገር የለም? ምንም?"

"እንግዲህ ካነሳችሁትማ..." ብላ ጀመረች።

አርባ ደቂቃ! ያልጠገንኩት በር፣ ለእናቷ ያልደወልኩበት በዓል፣ ሁሉም ወጣ። የከፋው ደግሞ እውነት መሆኑ ነው። "ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን 'አንቺስ ማረፍ አያምርሽም?' ብሎኝ አያውቅም" ስትል ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። አፈርኩ። ተነስቼ እንዳልሄድ ዙሪያው ውኃ ነው!

ካሳ ተፈረደብኝ። የሺ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ የቀሩትን አሥራ አንድ ቀናት ጀልባው ላይ ታርፋለች፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ። ስቬታ አጨበጨበች! እኔም በሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጬ በአውቶቡስ ቤርሼባ ገባሁ።

ከሳምንት በኋላ የሺ ደወለች። "ሃይፋ በባሕር በኩል ሲያዩት እንዴት እንደሚያምር!" ስልኩን እንደዘጋሁ እየሮጥኩ አባባ ፈረደ ቤት ሄድኩ።

"አባባ፣ ሚስቴ ባሕር ላይ ማደር ከጀመረች ሳምንት ሆናት። እባክዎ፣ ሄዳችሁ አምጡልኝ!"

"ተጣልታችኋል?"

"ኧረ በጭራሽ!"

"ታዲያ ካልተጣላችሁ እኛ ምን ልንሠራ እንሄዳለን?" አሉኝ።