በቻይኖች ሰፈር የበላሁት ምሳ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ይባል። የማያውቁት አገር ሄደው የማያውቁትን ቢያዩ ግን ምን ይገርማል? ለዚያ አይደል የሄዱት! ጉዱ የሚመጣው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ቋንቋው የወፍ ከሆነበት አገር ደርሰው፣ የገዛ ቀዬዎ ነገር በሰው ደጅ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅዎ ነው። እኔን ያገኘኝ እንዲህ ያለው ነው። ይመኑኝ አልልም፤ እኔ ራሴ በሳምንት አንድ ቀን አላምነውም።

የተወለድኩት መንዝ፣ ከጓሳ ግርጌ፣ ገብስና በግ እንጂ ሌላ ብዙ ከማይታይበት አጥቢያ ነው። በንጉሡ ዘመን ኮሪያ ዘመትኩ። የጦርነቱን ነገር አላወራም፤ ጦርነት ያላዩ ሰዎች ከእኔ በተሻለ ያወሩታል። ተኩሱ ቆሞ ጥቂት እንደ ቆየን፣ ዕረፍት ውጡ ብለው ወደ ጃፓን ሰደዱን። ፍልሰታ በተፈታ በሁለተኛው ቀን፣ እንግሊዝኛ እናውቃለን ከሚሉት መካከል በእውነት የሚያውቀው ሃምሳ አለቃዬ፣ ዮኮሐማ በምትባል የወደብ ከተማ ጥንታዊ የቻይኖች ሰፈር አለና እንየው አለኝ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው በመርከብ መጥተው የሰፈሩበት፣ በጦርነት ነዶ እንደ ገና የተሠራ ነው አለ። «ጃፓን ውስጥ ደግሞ ምን ቻይና አለ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሸዋ ውስጥ መንዝ የለም?» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ካፊያ ነበር። ወደ ሰፈሩ ስንገባ መንገዱ ይጠብና ገበያ ይሆናል። የተጠበሰ ዳክዬ ከነአንገቱ ተሰቅሏል። እባብ የሚመስል ዓሣ በገበቴ ውኃ ውስጥ ይርመሰመሳል። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣራ መሳቢያ ብቻ የሆነ መድኃኒት ቤት አየሁ፤ ሥሩ፣ ቅርፊቱ፣ የደረቀው እንሽላሊት ሁሉ በየመሳቢያው አለ፤ የእኛ አገር ደብተራ ቢያየው ቅናት ይገድለው ነበር። እንደ እንጀራ የሚነባበር የእንፋሎት ዳቦ ከየሱቁ ይጨሳል። ገበያው ግን ጸጥ ያለ ነው። ሰዎቹ ይገዛሉ፣ ዋጋ አይከራከሩም። ሳይከራከር የሚገዛ ሰው መንዝ ውስጥ ቢገኝ ታሟል ተብሎ ጠበል ይወሰዳል። በየደጁ ትንንሽ ገበታ ቀርቧል፤ ሩዝ፣ ፍራፍሬ፣ የሚጨስ ቀጭን እንጨት። አሮጊቶች ከወረቀት የተቆረጠ ልብስና ጫማ እያወጡ ደጃቸው ላይ ያቃጥላሉ፤ ምን እያደረጋችሁ ነው የሚላቸው የለም። ሃምሳ አለቃዬ የእጅ ሰዓት ሊያይ አንድ ሱቅ ገባ። እኔ ጭሱን ተከትዬ ቀጠልኩ።

ጭሱ የወሰደኝ ወደ ቤተ ጣዖታቸው ነው። ፊቱ የቀላ፣ ጢሙ እስከ ወገቡ የወረደ ምስል ከውስጥ ያፈጣል፤ ቁጣው የአጥቢያችንን ጭቃ ሹም ያስታውሳል። ከደጁ ሰፊ ዳስ ተጥሏል። ከበሮ ይመታል፣ ካባ የለበሱ ሰዎች በዜማ ያነበንባሉ። ዳሱ ውስጥ ረጅም ማዕድ ቀርቧል፤ ከፊቱ የተደረደረው አግዳሚ ወንበር ሁሉ ባዶ ነው፤ ሕዝቡ ግን ከኋላ ቆሟል። «ይኼማ ተዝካር ነው!» አልኩ ለራሴ። ልቤ በደስታ ዘለለ። እጣን ጤሷል፣ ካህን ቆሟል፣ ገበታ ሞልቷል፤ ሌላ ምን ይሆናል? እኛ ዘንድ ለሙት ዐርባ በሚወጣው ተዝካር ያልተጠራ እንግዳ የለም፤ አላፊ መንገደኛም ቢሆን ገብቶ ይቀመጣል፣ ሳይበላ ቢያልፍ ሟቹን ናቀ ይባላል። እኔ ደግሞ ሟች የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ በዚያ ላይ ርቦኛል።

ሄድኩና ከፊት ወንበር መሐል ተቀመጥኩ።

ከበሮው ቆመ። ዜማውም ቆመ። ለእንግዳ ክብር ነው ብዬ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሣሁና ከማዕዱ አንድ ዳቦ አነሣሁ። ውስጡ በስኳር የተሠራ ባቄላ ነው፤ ባቄላን በስኳር! ሁለተኛ አነሣሁ። ሩዙንም ቀማመስኩ። ዘወር ስል፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሸሽገዋል። አንድ ሽማግሌ ብቻ በሁለት እጁ ሳህን ይዞ፣ ዓይኔን ሳያይ ቀስ እያለ መጣና ጨመረልኝ። ቀጥሎ ያንን ቀጭን እንጨት ለኩሶ ፊት ለፊቴ ተከለ። ሦስት ጊዜ ሰገደልኝ። ከዚያ የወረቀት ካፖርት አምጥቶ እግሬ ሥር አቃጠለው። እሳቱ ሞቀኝ። «ነፍስ ይማር» አልኩ፣ ከልቤ።

ሃምሳ አለቃዬ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል። ከዳሱ ደጅ እንግሊዝኛ ከሚችል ነጋዴ ጠይቆ ኖሯል። እጄን ይዞ አወጣኝና በመንገድ ላይ ነገረኝ፦ ያ ማዕድ የሰው አይደለም። ቀባሪና ተዝካር አውጪ አጥተው በሰው አገር የቀሩ ሙታን በዓመት አንድ ወር ይለቀቃሉ፤ እየተራቡ ይዞራሉ፤ ምግቡ የእነሱ ነው፣ የፊት ወንበሩም የእነሱ ነው።

«ታዲያ እኔን ምን አሉኝ?»

«ከዝናብ ውስጥ ብቻህን ወጣህ፤ ማንም አያውቅህም፤ የሙታን ወንበር ላይ ተቀምጠህ በላህ። አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ሳቁ አልጣመኝም። ከዚያ ሰፈር እስክንወጣ ድረስ፣ በዚያ ሰው ከሰው በሚጋፋበት ጠባብ መንገድ፣ አንድም ትከሻ አልነካኝም።

በጥር አገሬ ገባሁ። ከጓሳ ጫፍ ወደ ቀዬዬ ስወርድ ጠዋት ነው፣ ጉሙ ሰው ከሰው አያስተያይም። አንድ የአጥቢያችን ገበሬ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚያውቀኝ ሰው ነው። ቆመና አማተበ። የማን ልጅ ነህ አለኝ። ስሜን ከነአባቴ ነገርኩት። ራሱን እየነቀነቀ፣ እንደ አዛኝ መርዶ ነጋሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱስ ሞተ፤ እግዜር ያጽናህ» አለኝ።

የራስን መርዶ መስማት ቀላል አይምሰልዎት። ነገሩ እንዲህ ነው። ስዘምት እናቴ ከበጎቿ ጸጉር የሠራችውን ባና አልብሳኝ ነበር። ኮሪያ ስንደርስ ጦሩ የተሻለ ብርድ ልብስ ሰጠንና፣ ባናው ከሚበላሽ ብዬ ቆስሎ ለሚመለስ ጓዴ «ለእናቴ አድርስልኝ፤ ደህና ነው በልልኝ» አልኩት። እሱ አዲስ አበባ ላይ ለነጋዴ ሰጠው፣ ነጋዴው ለገበያተኛ። ባናው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ መንዝ ደረሰ፤ «ደህና ነው» የሚለው መንገድ ላይ ቀረ። በእኛ አገር ደግሞ የዘመተ ሰው ልብስ ብቻውን አይመጣም። ባለቤቱ ሳይኖር ከመጣ መርዶ ነው። ደብዳቤ እጽፍ አልነበር? አልጻፍኩም፤ ማን ያነብላታል ብዬ ሰነፍኩ። ባናው ላይ ተለቀሰ፤ በክርስትና ስሜ ፍትሐት ተደረሰ።

እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችኝ። አልጮኸችም፣ አልሳመችኝም። ጥላዬን ፍለጋ መሬት መሬቱን አየች፤ በጉም ደግሞ ማን ጥላ አለው? የንስሐ አባቷ መምሬ ወልዴ ተጠርተው መጡ። ጠበል አርከፈከፉብኝ፤ በዚያ ብርድ አስነጠስኩ። «ያስነጥሳል፤ ሕያው ነው» አሉ። «ሰይጣንስ አያስነጥስ?» አለች እናቴ።

ሦስት ቀን እንዲህ ሆንን። ምግቤን ለብቻዬ በር ሥር ታስቀምጥና ራቅ ብላ ታየኛለች። ከእጄ ዕቃ አትቀበልም። በስሜ አትጠራኝም። እኔ እንደሆን አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆኜ ቀረሁ። ካልዋሸሁ፣ ከኮሪያ ጥይት ይልቅ ያ የእናቴ ዓይን አስፈራኝ፤ እያየችኝ ደጋግሜ ትንፋሼን እሰማ ጀመር።

በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ፣ ሕያው ሰው ብዙ ያወራል ብዬ ሁሉንም አወራኋት። መርከቡን፣ የቻይኖቹን ገበያ፣ ዳሱን፣ ማዕዱን፣ የሰገደልኝን ሽማግሌ። የመጀመሪያው ቃሏ «መቼ ነው እሱ?» የሚል ሆነ።

«ፍልሰታ በተፈታ በሁለተኛው ቀን።»

የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «ተዝካርህን ያወጣሁ ዕለት ነው» አለች። ሕያው መሆኔን ለማሳመን ብዬ የተናገርኩት በሞቴ እንደ መሰከረብኝ የገባኝ ያኔ ነው።

«በልተህ ጠገብክ?» አለችኝ።

ውሸት የሚያምርበት ቦታ ቢኖር እዚህ ነበር። አልበላሁም፣ ቀልዴን ነው ብል ሕያው ልጇ እሆናለሁ። ግን ያን ዓይን እያዩ መዋሸት አይቻልም።

«ጠገብኩ፣ እምዬ።»

«አዬ ልጄ!» አለች፤ ከመጣሁ የመጀመሪያው «ልጄ» ነው። «ያ ሁሉ ድግስ የማን አፍ ገባ እያልኩ ስቃጠል ነበር። ደርሶልሃል እንግዲያ።» ቀጥላም ለራሷ የምትናገር ይመስል፣ «እንግዲያ ሞተሃላ» አለች።

እናቴ ተነሥታ እጇን ታጠበች። መጥታ አጠገቤ፣ ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ተቀመጠች። ከገብስ እንጀራው ቆርሳ በሽሮ ጠቀለለችና ወደ ፊቴ አመጣችው።

«ሙትም ሁን፣ ደህናም ሁን፣ አፍህን ክፈት» አለችኝ።

ከፈትኩ። እያለቀስኩ ጎረስኩ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ «ኮሪያ ዘምተህ በሕይወት ተመለስክ?» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ፣ «እናቴ ተቀብላኛለች» ብዬው አልፋለሁ።