አልነሳ ባለች መኪና ዙሪያ

ሰው ሲቸገር ከመርዳቱ በፊት የችግሩን ምክንያት ካልተናገረ የማያርፍ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኛ ከሚሴ ሞልቶናል።

አጎቴን ሁሴንን ሆዱን ሲቆርጠው አደረና ጠዋት ወደ ሐኪም ልንወስደው በጎረቤታችን አሮጌ ጂፕ ጫንነው። መኪናዋ ቁልፉ ሲዞር ታቃስታለች እንጂ አትነሳም። ወዲያው ሰፈሩ ከበበን። አንዱ «ባትሪው ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ ናፍጣው አየር ስቧል» ብሎ ማለ። መኪና ኖሮት የማያውቀው መሐመድ ሁለቱንም ገሥጾ «ማስነሻው ነው፣ ሞተሪኖው!» ሲል ክርክሩ ጦፈ። እኔ «እባካችሁ ግፉልን» ብል ማን ይስማኝ?

በመጨረሻ አጎቴ እጄን ለቆ ወረደና በሁለት እጁ መኪናዋን ተደገፈ።

«ያ ጀመዓ፣ ዺባ! ግፉ! ምክንያቱን ስመለስ ትነግሩኛላችሁ» አላቸው።

ያን ጊዜ አፍረው ገፉ፤ መኪናዋም ተነሳች። መልሰን የጫንነው አጎቴ ግን ሆስፒታሉ በር ሳንደርስ እቅፌ ውስጥ አረፈ።

ከቀብር ስንመለስ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ እነዚያው ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ «ጉበቱ ነው» ይላል፣ ሌላው «ትርፍ አንጀት ነው» ይላል። መሐመድ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ አጠገቡ ነበርክ፤ ምንድን ነው የገደለው?»

«መዘግየት» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «እሱ ደግሞ የት የሚይዝ በሽታ ነው?» አለኝ።