ለእማዬ የተቀጠለው ክፍል

(ገጠር ያለ የኢንጂነሩ የቆየ የድንጋይ ቤት። ከጎኑ ለአማቱ አንድ ክፍል ተቀጥሎ ዛሬ አልቋል። ኢንጂነሩና ሞኞ አዲሱ ክፍል ውስጥ ይጨቃጨቃሉ። ኢንጂነሩ ከከተማ ገና መድረሱ ነው፤ ሻንጣውን እንኳ አላስቀመጠም። ስሙን ሰፈሩ አወጣለት እንጂ ምህንድስና አልተማረም። ሞኞ የሚስቱ ወንድም ነው፤ ክፍሉን ያሠራው እሱ ነው።)

ኢንጂነሩ፦ መዝጊያ አያስፈልገውም አልኩህ!

ሞኞ፦ ጋሼ፣ መስኮቱ እንዲሁ ክፍቱን ሊያድር? እማዬን እኮ ደረቷን ያማታል።

ኢንጂነሩ፦ ለደረት ከንጹሕ አየር የሚበልጥ መድኃኒት የለም!

ሞኞ፦ ብርዱስ?

ኢንጂነሩ፦ ብርድ የሚባል ነገር የለም። ሙቀት ሲጎድል ነው እንደዚያ የሚባለው። ፊዚክስ ነው።

ሞኞ፦ እሺ፣ ሙቀት ሲጎድልባት ምን ላልብሳት?

ኢንጂነሩ፦ ተወው፣ አይገባህም። (ግድግዳውን እየዳበሰ) ድንጋዩ ግን! ከድሮው ቤት ጋር ቁርጥ አንድ! አዲሱና አሮጌው አይለይም።

ሞኞ፦ ሁለቱም አሮጌ ነው።

ኢንጂነሩ፦ አዲስ ድንጋይ አትግዛ ያልኩህ ለዚህ ነው! ከየት አገኘኸው?

ሞኞ፦ ከአንድ ሰውዬ ቤት። «ግድግዳው ያለ ቅጥ ወፍራም ነው፤ የውስጡን ረድፍ አንሣ፣ የውጭው ይበቃል» አለኝ።

ኢንጂነሩ፦ (ከት ብሎ እየሳቀ) ወይ ጉድ! ተደጋግፈው የቆሙትን፣ አንዱን ነቅለህ ሌላው ሊቆም?

ሞኞ፦ እኔም እንደዚያ ብዬው ነበር። «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ!» አለኝ።

ኢንጂነሩ፦ እና ቆመ?

ሞኞ፦ እስከ ሐሙስ።

ኢንጂነሩ፦ (ሆዱን ይዞ) ኧረ በሳቅ ገደልከኝ! ይሄ ሰውዬ አንገቱ ላይ የተሸከመው ራስ ነው ዱባ? አውቀዋለሁ?

ሞኞ፦ ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም። በስልክ ነበር የነገረኝ። መኪና እየነዳ።

ኢንጂነሩ፦ (ሳቁ እየቀዘቀዘ) በስልክ? ... የትኛውን ግድግዳ?

ሞኞ፦ እኔም «የትኛውን ግድግዳ?» ብዬህ ነበር። «ደስ ያለህን! ሁሉም ያው ነው» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው።

(ኢንጂነሩ ሮጦ የመኝታ ቤቱን በር ይከፍታል። ነፋስ ባርኔጣውን ይወስደዋል።)

ኢንጂነሩ፦ መኝታ ቤቴ! ኧረ በሕግ አምላክ! ግድግዳዬስ? ይቺ ላም ደግሞ የማን ናት?

ሞኞ፦ የጎረቤት። እሷ እንኳ ወጣ ገባ ትላለች፣ አታስቸግርም።

ኢንጂነሩ፦ ከዚህ ሁሉ ግድግዳ የኔን?! ዕቃ ቤቱን አታፈርስም ነበር?

ሞኞ፦ ደስ ያለህን አልከኝ። እኔን ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

(ከውጭ የመኪና ጥሩምባ።)

ሞኞ፦ እህቴ እማዬን ይዛት መጣች! (ከአልጋው ሥር የመስኮት መዝጊያ እየጎተተ) ይሄንን ያንተን መዝጊያ ለእማዬ ልግጠምላት። ግድግዳ ለሌለው ሰው መስኮት ምን ያደርግለታል?

ኢንጂነሩ፦ ቆይ አንተ! እኛስ የት ልንተኛ ነው?

ሞኞ፦ እህቴ ከእማዬ ጋ ትተኛለች፣ ተነጋግረናል።

ኢንጂነሩ፦ እኔስ? በዚህ ብርድ?!

ሞኞ፦ የምን ብርድ ጋሼ? ሙቀት ሲጎድል ነው እኮ እንደዚያ የሚባለው።